የቤልሚሮ ተረከዝ

ፌሊስሚና የብስ ላይ አድራ አታውቅም ቢባል ውሸት አይሆንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጇን ለአንድ የወይን ገበሬ በዳረች ዕለት፣ የሙሽራው ዘመዶች «ዛሬ እንኳን እንደ ሰው አልጋ ላይ ይተኙ» ብለው የሚያምር ክፍል ሰጧት። መሬቱ አልነቃነቅ ሲላት እንቅልፍ አልወስድ አላት። ገና ሰማዩ ሲቀላ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ወደ ወንዙ ስትወርድ ያገኛት ሰው «ምነው፣ አልተመቸሽም?» ቢላት፣ «ቤታቸው ሞቷል መሰለኝ፤ አይተነፍስም» ብላው ሄደች። ወሬው በየመንደሩ ተዳርሶ መሳቂያ ሆነ። እሷ ግን የተናገረችው ለቀልድ አልነበረም።

የተወለደችው ቴዦ ወንዝ ላይ፣ አባቷ መረብ እየሳበ ሳለ ነው። እናቷ መቅዘፊያውን ለቅቃ ሆዷን ስትይዝ አባትየው «ትንሽ ታገሺ፣ ዓሣው ሊያመልጠን ነው» አላት ይባላል። መታገሥ የሚባለውን ነገር ግን ፌሊስሚና ያን ጊዜም አታውቅበትም ነበር። መዳህ ስትጀምር ወገቧን በገመድ አሰሯት። ገመዱ እስከ ጀልባው ጠርዝ ያደርሳል፤ ከጠርዙ አያሳልፍም። የወንዝ ልጅ ሁሉ እንዲያ ታስሮ ነው የሚያድገው። የየብስ ሰዎች ይህን አይተው «ልጆቻቸውን እንደ ፍየል የሚያስሩ ዘላኖች» ይሉናል። እኛም እነሱን «ጭቃ ረጋጮች» እንላቸዋለን፤ ዕዳ የለብንም።

በእኛ ዘንድ ጋብቻ ማለት ጀልባ ማለት ነው። ፌሊስሚና ቤልሚሮን ስታገባ የሁለቱ አባቶች ተጋግዘው ሮላ የተባለችውን ጀልባ ሠሩላቸው። ሮላ ማለት ዋኖስ፣ ርግብ መሰሏ ወፍ፣ ማለት ነው። ከውጭ ቅጥራን ተቀባች፣ ከውስጥ ሰማያዊ ቀለም። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ እሷ ገቡ፤ ሌላ ቤት አልነበራቸውም፤ አልፈለጉምም። የጀልባዋ ፊት ቤት ነው፦ በሸምበቆ ቅስት ላይ የተዘረጋ ሸራ፣ ከሥሩ የገለባ ፍራሽ፣ ከፍራሹ አጠገብ በጭቃ የተለሰነ የእሳት ሳጥን፣ ከሳጥኑ በላይ የእመቤታችን ሥዕል። የጀልባዋ ኋላ ሥራ ቤት ነው፦ የመረብ ክምር፣ መረቡን የሚያንሳፍፍ ቡሽና ወደ ታች የሚስበው እርሳስ። እርጥብ መረብ ወደ ቤቱ ወገን ያስገባ ባል ወዮለት። መካከል ላይ ያለችው ሳንቃ ደግሞ የቀዛፊ መቀመጫ ናት። እሷ የሚስት ናት።

ወንድ መረብ ይጥላል፣ ሴት ትቀዝፋለች። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ የጠየቀም ቢኖር ሚስቱ ለመመለስ ጊዜ አልነበራትም፤ እየቀዘፈች ነበር።

ቀዛፊ ፊቷ ወደ ኋላ ነው። የምትሄድበትን ሳይሆን የመጣችበትን ታያለች፤ ከዚያም በፊት፣ ጀልባው ኋላ ላይ የቆመውን ባሏን ታያለች። ፌሊስሚና ሃያ ዓመት ሙሉ የቤልሚሮን ጀርባና ክርን፣ ከመረቡ ክምር ላይ ቡሹን በግራ እርሳሱን በቀኝ እየለየ ሲለቅ የሚንቀሳቀሱትን ጣቶቹን ስታይ ኖረች። ቤልሚሮ ግን ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ሚስቱ ከኋላው ምን እንደምትሠራ አንድም ቀን ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም። ፀሐይ ትወጣለች፣ ወንዙ ይወርዳል፣ ሚስት ትቀዝፋለች። ለእሱ ሦስቱም አንድ ነበሩ።

መረብ ሲጣል አይወራም። ይህ ሁሉ የሆነው ግድቦቹ ወንዙን ሳያንቁት በፊት ነው፤ ያኔ በጸደይ ሳቬል የሚባለው ወፍራም ብርማ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ተነሥቶ በገፍ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሳቬል ጆሮው ቀጭን ነው። በተራው መረብ ሲጥል የሰው ድምፅ ያሰማ ጀልባ መረቡን ሰብስቦ ይመለሳል፤ ሕጉ ያ ነው። ስለዚህ ወንዱ ሚስቱን የሚያዘው በተረከዙ ነው። የወለሉን ሳንቃ አንዴ ሲመታ «ቅዘፊ»፣ ሁለቴ ሲመታ «ቀስ»፣ ሦስቴ ሲመታ «አዙሪ» ማለት ነው።

ያ ሦስተኛው ነው ወንድን ከወንድ የሚለየው። ዓሣው የሚበዛበት ስፍራ፣ ሰፊው ውሃ የምንለው፣ መጨረሻው ላይ አንድ የሰመጠ የአኻያ ዛፍ አለ። ከላይ አይታይም። የክረምቱ ጎርፍ አሸዋውን በገለበጠ ቁጥር ግንዱ ቦታ ይለውጣል፤ የአምናው ምልክት ለዘንድሮ አይሠራም። ፈጥኖ ያዞረ ዓሣው ከሥሩ ያመልጠዋል። ዘግይቶ ያዞረ መረቡን ለአኻያው ያለብሰዋል፤ የተቀደደ መረብ ደግሞ የተቀደደ ዓመት ነው። ቤልሚሮ አንድም ጊዜ አልቀደደም። ከዚህም የተነሣ «የቤልሚሮ ተረከዝ» የሚባል ነገር ተፈጠረ። ወንዶቹ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ስለ ተረከዙ ሲያወሩ እሱ ባዶ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሰው እንዲያይለት። ፌሊስሚና ደጅ ላይ ከሴቶቹ ጋር የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ይህን ትሰማለች፤ ቅርፊቷን መፋቋን ትቀጥላለች።

በመከር ወራት መጨረሻ ቤልሚሮ የወይን በርሜል የሚጭን ትልቅ ጀልባ ለማሰር ሲረዳ ቀኝ እጁ በጀልባውና በወንዙ ዳር ድንጋይ መካከል ገባ። ቁስሉ ዳነ። ጣቶቹ ግን እንደ ማጭድ ታጥፈው ደረቁ፤ አይዘረጉም፣ አይጨብጡም። እንዲህ ባለ እጅ መረብ አይለቀቅም። ቡሹና እርሳሱ ይተበተባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሞክሮ የትብትቡን ቋጠሮ ሲፈታ ዋለ፤ በሁለተኛው ሳምንት መሞከሩን ተወ። ከዚያ ወዲያ መጠጥ ቤት ሲቀመጥ እግሩን ከመቀመጫው ሥር ይሰበስብ ጀመር።

የሰፊው ውሃ ተራ የሚጠራው ኤቫሪስቶ ነው። ሁሉም አጎቴ ይለዋል፤ አጎትነቱ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። በጸደይ መግቢያ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ ዳር ቆሞ የየጀልባውን ስም ይጠራል። መረብ ጣዩ በተረከዙ ሳንቃውን አንዴ መትቶ ይመልሳል። ያልመለሰ ጀልባ ማሰሪያ ቦታውን ለሚጠብቅ ሰው ይለቃል። ማሰሪያ የሌለው ተራ የለውም፤ ተራ የሌለው ዓሣ የለውም፤ ዓሣ የሌለው ጀልባውን ሸጦ የብስ ይወጣል። ዘንድሮ የሚጠብቀው የኤቫሪስቶ የወንድም ልጅ አዴሪቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ያገባል፤ አዲሱ ጀልባው ቅጥራኑ ገና አልደረቀም።

ኤቫሪስቶ አንድ ከሰዓት መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ሮላ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣ ከወለቀ ነገሩ መጥፎ ነው።

«ቤልሚሮ ልጄ፣ ሽማግሌ ሆኜ ነው እንጂ ይህን አፌ ባይናገረው ደስ ባለኝ።»

«ይናገሩት አጎቴ፤ አውቀዋለሁ።»

«በዮሴፍ ዕለት ስጠራህ ዝም ካልክ ሰው ፊት ያሳፍራል። ከዚያ በፊት ራስህ ብትለቅ ክብር ነው። የሩዝ እርሻው አዛዥ ሰው ይፈልጋል። መኝታም አለ።»

«ቦታውስ ለማን ይሆናል?» አለች ፌሊስሚና፣ መልሱን እያወቀች።

ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን በጣቱ አዞረ። «እንግዲህ ለሚጠብቅ ነው፣ ልጄ።»

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለችው። ሽማግሌው ሰማት፤ እንዳልሰማ ሆኖ ወረደ።

ቤልሚሮ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እውነቱን ነው» ብሎ ባልዲውን አንሥቶ የጀልባዋን ውሃ ይቀዳ ጀመር። ፌሊስሚና ቆሽቷ እያረረ ወደ እሱ ስታይ ነው ያ ነገር ዓይኗ ውስጥ የገባው። ባልዲውን የያዘው በቀኝ እጁ ነበር። የታጠፉት ጣቶች በመያዣው ውስጥ ገብተው፣ ሳይዘረጉ ሳይጨብጡ፣ ሙሉ ባልዲ ውሃ ይስባሉ።

«ቤልሚሮ፣ ያ እጅህ መቅዘፊያ ይይዛል።»

ቀና ብሎ አያት። «ምን ማለትሽ ነው?»

«በገመድ ባስረው ደግሞ አይለቅም። አንተ ትቀዝፋለህ፤ እኔ እጥላለሁ።»

«ፌሊስሚና፣ የተሰበረው እጄ ነው፤ ወንድነቴንም ጨምረሽ ልትሰብሪው ነው?»

«ወንድነትህ መቅዘፊያ ከያዘ የሚያልቅ ከሆነ ድሮም ትንሽ ነበረ።»

አጠገባቸው በታሰረችው አሮጌ ጀልባ ላይ እናቱ ሌዮካዲያ ካልሲ እየጠገነች ትሰማለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ጀልባዋ ተንቀሳቅሳ አታውቅም፤ እሷም ከውስጧ ወጥታ አታውቅም። አሮጊቷ መርፌዋን አቆመችና «አንቺ ልጅ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል። አርፈሽ ተቀመጪ» አለች።

«እማማ ሌዮካዲያ፣ ቁጭ ብዬ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ አሁን ልቁም።»

አሮጊቷ አልሳቀችም። ወደ ካልሲዋ ተመለሰች።

ቤልሚሮ እንቢ አለ፤ ሰንብቶም እንቢ አለ። እሑድ ቀን የሩዝ እርሻውን መኝታ ሊያዩ አብረው ወጡ። ረጅም አዳራሽ ነው፤ ገለባ በሁለት ረድፍ ተነጥፎ መካከሉ ላይ የጣውላ ግድግዳ አለ። አዛዡ በዱላው እያመለከተ «ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ» አላቸው።

«ባልና ሚስትስ?» አለ ቤልሚሮ።

«ባልና ሚስት እሑድ እሑድ ይነጋገራሉ።»

ወደ ወንዙ ተመለሱ። ሮላ ውስጥ ገብተው በቆሎ ዳቦና እባብ የሚመስለውን ዓሣ ወጥ በሉ። ቤልሚሮ ሳህኑን በዳቦው ጠራርጎ ከጨረሰ በኋላ በሸራው ሥር ያለውን የገለባ ፍራሽ ሲያይ ቆየ፤ ሁለት ሰው የተኛበት ጉድጓድ አለው፣ ሁለቱም ወደ መካከል ያዘነበሉበት።

«በይ ገመዱን አምጪ» አለ።

«የምን ገመድ?»

«እጄን ከመቅዘፊያው ጋር የምታስሪበትን። ሰው በሌለበት ቦታ ከሆነ ነው ታዲያ።»

ከሸምበቆው ጀርባ አንዲት ጠባብ ቦይ አለች፤ ከዳክዬ በስተቀር የሚገባባት የለም። እዚያ ሄዱ። ቤልሚሮ ከውሃ ተወልዶ ውሃ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ መቅዘፊያ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የእናቱ፣ ከዚያም የሚስቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሮላ ባለችበት ዞረች። ከዚያ በሌላ በኩል ዞረች። ከዚያ አፍንጫዋን ሸምበቆው ውስጥ ሰካች።

«ልታስጨፍራት ነው?» አለች ፌሊስሚና ከኋላ ቆማ።

«ይቺ ጀልባ ድሮ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው።»

«ድሮ ማን ይቀዝፍ እንደነበር ታስታውሳለህ?»

የባሰው ደግሞ እግሩ ነበር። በተቀመጠበት ሆኖ ተረከዙ ሳንቃውን ይመታል። አንዴ፣ ሁለቴ። የፌሊስሚና ክንዶች ደግሞ ተረከዝ በሰሙ ቁጥር፣ የራሷም ቢሆን፣ የሌለ መቅዘፊያ ይስባሉ። እሷ መትታ እሷው አየር ትቀዝፋለች፤ እሱ ቀዝፎ እሱው ያዛል።

«አሁን አዛዡ ማን ነው?»

«እግሬ ነው የመታው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ ቤልሚሮ። ያን ጊዜ ነው ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው።

መረቡን ስትጥል ግን ሳቁን ተወው። ቡሹ በግራዋ፣ እርሳሱ በቀኝዋ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ከእጇ እየተንሸራተተ ውሃው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠራ። አስተምሯት አያውቅም። ሲያደርገው አይታው ነው። እሱ ግን ይህን ሥራ ከቀዛፊ መቀመጫ ሆኖ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

«እኔ እንዲህ ነው የማደርገው?»

«አንተ መሐል መሐል ምራቅህን ትተፋለህ። እሱን ትቼዋለሁ።»

ቀናት ሲያልፉ ሮላ መዞሯን ትታ መሄድ ጀመረች። የቤልሚሮ መዳፍ ተላጠ፣ ከዚያ ጠና። አንድ ቀን ፌሊስሚና «የአኻያው ነገር» ብላ ጀመረች። «እዚያ ስንደርስ መቅዘፊያው ይነግርሃል። ግንዱ ውሃውን ስለሚከፍለው አንደኛው ወገን ይከብዳል፣ መዳፍህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል…»

«ውሃ ደግሞ መቼ አፍ አወጣ? አንቺ ሦስቴ ምቺ፣ እኔ አዞራለሁ። ሃያ ዓመት እኔ መታሁ፣ አንቺ አዞርሽ። የተለየ ነገር የለውም።»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ፊቱን አየችው። ይህ ሰው እጁን አጥቷል፤ በሰው ፊት የቀረው ተረከዙ ብቻ ነው። ያሰበችውን ዋጠችው። ለራሷም «ዓይን አለኝ፣ አይቼ እመታለሁ» አለች። ከወንዝ ሴት በቀር ማንም የማይሳሳተው ስሕተት ይህ ነበር።

የዮሴፍ ዕለት ጎህ ሲቀድ ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ ነበር። ጀልባዎቹ ሁሉ ዳር ዳሩን ተሰልፈዋል፤ ወንዶቹ ኋላ ላይ ቆመው፣ ሴቶቹ መካከል ላይ ተቀምጠው። አዴሪቶ አዲሱን ጀልባውን ራቅ አድርጎ አስሮ፣ ከእጮኛው ጋር ይጠብቃል። ኤቫሪስቶ ስሞቹን እየጠራ፣ ተረከዞቹ እየመለሱ፣ ተራው ደረሰ።

«ሮላ» አለ ኤቫሪስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ የሞተ ሰው ስም እንደሚጠራ።

ተረከዝ ሳንቃ መታ።

አንገት ሁሉ ዞረ። ፌሊስሚና ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ፣ በባዶ እግሯ፣ መረቡ አጠገብ ቆማለች። ቤልሚሮ በሚስቱ መቀመጫ ላይ ነው፤ ቀኝ እጁ ከመቅዘፊያው ጋር ታስሯል፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ጀመረና ሳቁ ዳር ለዳር ሄደ።

«አጎቴ ቤልሚሮ፣ ሹራብ መሥራትስ ጀመሩ?» አለ አዴሪቶ።

«ቤልሚሮ፣ ምሳ ሲደርስ ጥራን» አለ ሌላው።

ሌዮካዲያ አሮጌ ጀልባዋ ላይ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ቤልሚሮ አንገቱን ደፋ። ፌሊስሚና ብቻ ቀጥ ብላ ኤቫሪስቶን ታያለች።

«አጎቴ፣ ጠርተውኛል፤ መልሻለሁ። ተራዬ ነው አይደለም?»

ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። የወንድሙ ልጅ ያየዋል፤ ወንዙ ሁሉ ያየዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ፣ እሱም ቢሆን ከወንዙ ሕግ ውጪ ሌላ የሚፈራው የለም።

«ሴት የጣለችው መረብ አይቼ አላውቅም» አለ። «ውሃው ይፍረድ። መረቡ ሳይቀደድ ከተመለሰ ቦታው የሮላ ነው። ከተቀደደ ዛሬውኑ ገመዳችሁን ፈትታችሁ ትወጣላችሁ። ተስማማሽ?»

«ተስማምቻለሁ።»

«አንተስ ቤልሚሮ?»

ቤልሚሮ ቀና አለ። «እኔ ቀዛፊ ነኝ» አለ። «ቀዛፊ መቼ ተጠይቆ ያውቃል?»

በሴቶቹ በኩል አንዲት ትንፋሽ የሚመስል ሳቅ አለፈች።

ፌሊስሚና አንዴ መታች። ሮላ ወደ ሰፊው ውሃ ወጣች። ሁለቴ መታች፤ ጀልባዋ ዝግ አለች፤ መረቡ መውረድ ጀመረ። ቡሹ በግራ፣ እርሳሱ በቀኝ። ከዳር ሆነው የሚያዩት ወንዶች ሳቃቸው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሰው በሚያውቀው ሥራ ላይ ዓይኑ አይዋሽም። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ጉሙ ዋጣቸው።

ጉሙ ውስጥ ስትገባ ነው ነገሩ የገባት። ዳሩ አይታይም። ዛፍ የለም፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የለም፣ ውሃው ራሱ ከእግሯ ሥር ነው የሚያልቀው። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ አኻያውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ያወቀችው በመዳፏ ነበር። መዳፏ ደግሞ ዛሬ መረብ ይዟል። ያ ክብደት፣ ያ መንቀጥቀጥ፣ ያ ሁሉ አሁን በእሱ እጅ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ውሃ አፍ የለውም ብሏል። እሱ የሚጠብቀው ተረከዟን ነው፤ ተረከዟ ምንም አያውቅም።

አሁን ልምታ? ገና ከሆነ ዓሣው ያመልጣል። ቆይቼ ልምታ? ካለፍንስ? «መዳፍህ ምን ይልሃል?» ብላ ልትጮህ ቃጣት፤ ከጮኸች ተራው ያበቃል፣ ሮላም ታበቃለች። ጥርሷን ነክሳ መረቡን ወደ ውሃው መልቀቋን ቀጠለች። የጣውላው ግድግዳ ታያት፤ ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ። እግሯን አነሣች፤ የት እንደምታሳርፈው ግን አላወቀችም።

ያኔ ሮላ ከሥሯ ዞረች።

ማንም ሳይመታ ዞረች። ሰፋ ባለ፣ ረጋ ባለ አዟዟር፣ ልክ ድሮ እንደምትዞረው። ፌሊስሚና ዞር ብላ ባሏን አየችው። ቤልሚሮ መቅዘፊያውን ደረቱ ድረስ ስቦ፣ የታጠፈውን እጁን አፍጥጦ ያየዋል፤ አንድ ሰው በጆሮው ምሥጢር እንደነገረው ዓይነት። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ቀስ በቀስ አንድ ነገር እየገባው እንደሆነ ከፊቱ አየች። ያነሣችውን እግር አወረደችና ሳንቃውን ሦስቴ መታች፤ ልማድ ነውና።

መረቡን ሲስቡ ከበደ። ያኔ ነው የፈራችው፤ አኻያው ይዞት መስሏት። ቤልሚሮ እጁን ከገመዱ ፈትቶ መጣ፤ የመረቡን ገመድ ክርኑ ላይ እየጠመጠመ፣ በግራ እጁ እየጎተተ፣ ትከሻ ለትከሻ ሳቡ። መጀመሪያ አንድ የብር ጀርባ ብቅ አለ። ከዚያ ውሃው ፈላ። ሳቬሉ እንደ ክንድ ወፍራም፣ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያበራ፣ ጀልባዋ ውስጥ እየዘለለ ወደቀ፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው፣ እስከ ቀዛፊው መቀመጫ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቤቱ ወገን ገብቶ የገለባውን ፍራሽ ሞላው። ፌሊስሚና ዕድሜዋን ሙሉ ያስከበረችውን ሕግ ዓሣው ጣሰው፤ ሳቋ ግን አላቆመም። መረቡን ጫፉ እስኪመጣ በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው። አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

ሮላ ከጉሙ ስትወጣ እስከ ጠርዟ ሰምጣ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እርጉዝ ነበር የምትራመደው። ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ተጠጋ። ኤቫሪስቶ ወደ ውሃው ገብቶ እስከ ጉልበቱ ቆመና መረቡን ራሱ በእጁ ዳሰሰ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ቦታው የሮላ ነው» አለ። ከዚያ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ወይ የቤልሚሮ ተረከዝ። ሚስትህን አስተማርካት ማለት ነው።»

ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስም አላቸው፤ አሁን ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘላቸው። ፌሊስሚና መረቧን መሰብሰብ ጀመረች። እንዲያ ተብሎ ቢቀር አትጠላም ነበር፤ ጀልባዋ ተርፋላታለች።

ቤልሚሮ ግን ከመቀመጫው ተነሣ። ዓሣው ውስጥ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጠየቃት።

«ፌሊስሚና፣ ልጠይቅሽ። አንቺ ሳትመቺ ነው የዞርኩት። መቅዘፊያው ነው የነገረኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺም እንደዚያ ነበር የምታደርጊው?»

ትንሽ አሰበች። «አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔ ስመታስ?»

«አንተ ስትመታ ዞረን ጨርሰናል።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ የምትመታው» አለችው።

ቤልሚሮ ተረከዙን አየ። አንድ አፍታ ሆዱ የባባ መሰለ። ከዚያ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፤ ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ወጣ፣ ጮክ ብሎ፣ ዓሣውን ሁሉ ያስፈነደቀ ሳቅ። ወደ ዳሩ ዞረና «ስሙ እናንተ» አለ። «በዚህ ወንዝ ላይ እኔ ያዞርኩት ዛሬ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የእሷ ነው። መጠጥ ቤት ያወራችሁትን መልሳችሁ አውሩት።»

አዴሪቶ በአፉ ዝንብ ሊገባ ምንም አልቀረውም። «እንዴት እንዲህ ይሆናል?» አለ። «ተረከዝ እኮ…»

ያኔ ሌዮካዲያ ሻሿን ከዓይኗ ላይ ገፋ አደረገች። አሮጊቷ ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ ሰው ስትቀዝፍ የኖረች ናት፤ የሟች ባሏ ተረከዝ በጊዜው ከልጁ ይበልጥ የተወራለት ነበር። አሮጌ ጀልባዋ ውስጥ ሆና ማንንም ሳታይ፣ ካልሲዋን እያጠፈች ተናገረች።

«አባትህም ጥሩ ተረከዝ ነበረው፣ ልጄ። ነፍሱን ይማረው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው ቀዛፊ ናት። ከዚያ አጠገቧ ያለችው። ከዚያ ሳቁ ከጀልባ ጀልባ እየዘለለ ሄደ፤ ሴቶቹ መቅዘፊያቸው ላይ ተደፍተው፣ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ፣ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሳቁ፤ ማንም ምንም አላብራራም። ወንዶቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ወደ እግራቸው አወረዱ። የኤቫሪስቶ ሚስት ከሁሉም ይልቅ ሳቀች፤ ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። የአዴሪቶ እጮኛ ብቻ አልሳቀችም፤ የአዲሱን ጀልባቸውን መቅዘፊያ በእጇ ዳበስ ታደርጋለች።

ለአዴሪቶ የታችኛው ውሃ ተሰጠው፤ እሱም መጥፎ አይደለም። የሩዝ እርሻው አዛዥ ሌላ ሰው አገኘ። ቤልሚሮ መጠጥ ቤት ሲቀመጥ አሁን የሚዘረጋው እግሩን ሳይሆን የታጠፈውን እጁን ነው፤ ማታ ማታ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ውሃ እንዴት እንደሚናገር ያስረዳል። ፌሊስሚና ይህን ስትሰማ ቅርፊት መፋቋን ትታ ከት ብላ ትስቃለች።

ከዮሴፍ ዕለት በማግስቱ ጠዋት፣ የዕለቱ ተራ ሲጠራ፣ ጉም አልነበረም። ኤቫሪስቶ ዳር ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ የሕያው ሰው ስም እንደሚጠራ «ሮላ» አለ። ፌሊስሚና ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ሳንቃውን አንዴ መታች፤ ጀልባዋ ግን ቀድማ ተነሥታ ነበር።